በአሜሪካ ነጻ ወይም በጣም ርካሽ የስልክ መስመር ለመያዝ፦ ከዋጋው በፊት ቁጥራችሁን አስቡ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ጓደኛዬ ቤት ቡና ልጠጣ ሄጄ ነበር። ረከቦቱ አጠገብ የስልክ ቢሏ ተከፍቶ ተቀምጧል። 83 ዶላር። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ መስመር፣ ለአንድ ወር። «ምን ብታደርጊበት ነው?» አልኳት። «ኧረ ምንም! እናቴን በቴሌግራም አወራለሁ፣ ማታ ማታ ዩቲዩብ አያለሁ፣ በቃ።» ስልኳን ተቀበልኳትና የኩባንያውን አፕ ከፍቼ ያለፉትን ሦስት ወራት የዳታ አጠቃቀም አየሁት። 2.6 ጊጋ፣ 3.1 ጊጋ፣ 2.2 ጊጋ። ቤቷ ዋይፋይ አለ፣ የምትሠራበት ቦታም ዋይፋይ አለ። የራሷን ዳታ የምትነካው አውቶቡስ ውስጥና ገበያ ስትሄድ ብቻ ነው፤ የምትከፍለው ግን ገደብ ለሌለው ዳታ ነው።

እንዲህ ዓይነት ቢል ብዙ ሐበሻ ቤት አይቻለሁ። ሰው አገር እንደገባ ዘመድ ወስዶ አንድ ሱቅ ያስገባዋል፣ ስልክ በየወሩ በሚከፈል ብድር ይሰጠዋል፣ ከዚያ ስልኩ ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ዓመታት ያልፋሉ ቢሉ ግን እዚያው ነው። በዓመት ሲሰላ ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋል። ይህ ቤተሰብ የሚረዳበት ገንዘብ ነው።

ስለዚህ እዚህ አሜሪካ ያሉትን ነጻና በጣም ርካሽ አማራጮች እንዴት እንደምትመዝኑ ላሳያችሁ። ግን ስለ ዶላር ከማውራቴ በፊት የእማዬን ነገር ልንገራችሁ።

እማዬ በመንግሥት ድጎማ የሚሰጥ ነጻ ስልክ ነበራት። ጥሩ ይሠራ ነበር። ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄደችና ሁለት ወር ከምናምን ቆየች፤ ስልኩ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ጠፍቶ ተቀመጠ። ስትመለስ ከፈትነው፣ መስመር የለም። ደወልን። «አልተጠቀሙበትም፣ ተዘግቷል፣ ቁጥሩም ሄዷል» አሉን። ያ ቁጥር ደግሞ ባንኳ ኮድ የሚልክበት ነው፤ ክሊኒኩ ቀጠሮ የሚያስታውሳት በእሱ ነው፤ የኢሜይሏ መክፈቻም እሱ ነው። ባንክ ሁለት ቀን ተመላልሰናል። ኢሜይሏን ግን እስከ ዛሬ አልመለስነውም።

በዚያ ምክንያት ሰው ርካሽ ስልክ እንድፈልግለት ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ቁጥር ቢጠፋ ምን ይሆናል?» ብዬ ነው። መልሱ «ምንም አይሆን» ከሆነ የፈለጋችሁትን ነጻ ነገር ሞክሩ። መልሱ «ባንኬ፣ ኢሜይሌ፣ የኢሚግሬሽን አካውንቴ፣ የሥራ ፈረቃዬ» ከሆነ ግን ቁጥሩ 5 ወይም 10 ዶላር የሚከፈልበት መስመር ላይ ይቀመጥ። ነጻውን እንደ ሁለተኛ ስልክ ያዙት። በእኔ እምነት ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው፤ የቀረው የዋጋ ጉዳይ ነው።

አጠቃቀማችሁን ለኩ

ግምት አይሠራም፣ ሁሉም ሰው «እኔማ ብዙ እጠቀማለሁ» ነው የሚለው። የኩባንያችሁን አፕ ወይም ቢሉን ክፈቱና የሦስት ወር ዳታ እዩ። አይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ የሚታየውን ቁጥር አትመኑ፤ እሱ በየወሩ በራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም፣ እናንተ እስክታጠፉት ድረስ ይደምራል። አንዱ ጓደኛዬ 140 ጊጋ አይቶ ደንግጦ ነበር፤ የሦስት ዓመት ድምር ነው።

ለግምት ያህል ይህን ያዙ። በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም የድምፅ ጥሪ ለአንድ ሰዓት 30 ሜጋ አካባቢ ቢወስድ ነው። የቪዲዮ ጥሪ ለአንድ ሰዓት ወደ 300 ሜጋ ይጠጋል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ዩቲዩብ በመካከለኛ ጥራት በሰዓት ግማሽ ጊጋ ገደማ ይበላል፤ ጥራቱን ከፍ ካደረጋችሁት ከ1.5 ጊጋ በላይ ይሄዳል። እንግዲህ ዳታ የሚጨርሰው ከእናት ጋር የሚደረገው ወሬ አይደለም፣ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮ ዋይፋይ ላይ ብቻ እንዲሠራ ካደረጋችሁ ብዙ ሰው በ2 እና በ5 ጊጋ መሀል ይወድቃል።

ሊፍት ወይም ኡበር የምትነዱ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ካርታው ክፍት ነው፣ አፑ ክፍት ነው፣ መስመር ከተቋረጠ እንጀራችሁ ተቋረጠ። ለእናንተ የ5 ዶላር ፕላን አልመክርም። 25 ዶላር አካባቢ ያለውን ገደብ የለሽ እዩ፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ላይፍላይን፦ እውነተኛው ነጻ ስልክ

ላይፍላይን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የስልክ ክፍያ የሚደጉም የመንግሥት ፕሮግራም ነው፤ ሰዉ «የኦባማ ስልክ» ይለዋል። ፕሮግራሙ ግን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985፣ በሬገን ጊዜ ነው፤ ለቤት ስልክ። ሞባይል የገባበት በ2005፣ በቡሽ ዘመን ነው። ኢንተርኔት የተጨመረው በ2016 ነው። የሚመራው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ፣ ኤፍሲሲ፣ ነው። ለአንድ ቤተሰብ በወር እስከ 9.25 ዶላር ለስልክ ኩባንያው ይከፍላል። ኩባንያውም ብዙ ጊዜ በዚያችው ድጎማ ሙሉ በሙሉ ነጻ መስመር ይሰጣችኋል። ለሞባይል ዝቅተኛው መስፈርት ዳታ ከሆነ 4.5 ጊጋ፣ ድምፅ ከሆነ 1,000 ደቂቃ ነው። አንዳንድ ግዛቶች፣ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ፣ ከራሳቸው ይጨምሩበታልና እዚያ ያለው ይሻላል።

ማን ይገባዋል? በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በፕሮግራም ነው፦ ፉድ ስታምፕ፣ ሜዲኬይድ፣ ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ገንዘብ)፣ የፌዴራል የቤት እርዳታ (ሴክሽን 8 ጭምር)፣ ወይም የቀድሞ ወታደሮች ጡረታ የምታገኙ ከሆነ። ተጠንቀቁ፣ ኤስኤስአይ እና ተራው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ አንድ አይደሉም፤ ጡረታው ብቻውን አያበቃም። ሁለተኛው በገቢ ነው፤ ገቢያችሁ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 135 በመቶ በታች ከሆነ። በ2025 መመዘኛ ይህ ለአንድ ሰው በዓመት 21,100 ዶላር፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ ደግሞ 43,400 ዶላር አካባቢ ነበር። በየዓመቱ ትንሽ ከፍ ይላል።

አሁን የእኛን ሰዎች የሚያሰናክሉ ነገሮች አሉ፤ እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርግ።

ደንቡ «ለአንድ ቤተሰብ አንድ» ይላል። ቤተሰብ ማለት ግን አንድ አድራሻ ማለት አይደለም። አብሮ የሚኖርና ገቢና ወጪ የሚጋራ ነው። ቤዝመንት ተከራይታችሁ ባለቤቶቹ ላይፍላይን ካላቸው፣ ወይም አራት ልጆች ሆናችሁ አፓርትመንት ተጋርታችሁ እያንዳንዱ የራሱን የሚበላ ከሆነ፣ እናንተም ማመልከት ትችላላችሁ። ማመልከቻው «በዚህ አድራሻ ሌላ ተጠቃሚ አለ» ሲላችሁ እንዳትተዉት። የቤተሰብ መጠይቅ የሚባል ቅጽ ይመጣል፣ እሱን በእውነት ሙሉት። ብዙ ሰው እዚያ ጋ ሲደርስ «አይሰጡኝም» ብሎ ይዘጋዋል።

ሌላው ስም ነው። የእኛ ስም ወረቀት ላይ ያለው አጻጻፍ ያስቸግራል። ኃይለ ማርያም አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ቃል ነው። ወልደ ገብርኤል «ወልደ» ሚድል ኔም ሆኖ «ገብርኤል» ላስት ኔም ይሆናል። ሲስተሙ የሚያመሳክረው ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ነው። ስለዚህ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳችሁን ከፊት አስቀምጡና ፊደል በፊደል እንደዚያው ጻፉ፣ የመንጃ ፈቃዱን ትታችሁ። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲቀየር የተበላሸ ልደት ያላቸው ብዙ አሉ። የተመዘገበውን ነው መጻፍ፣ ትክክለኛውን አይደለም።

ማመልከቻውን ራሳችሁ አስገቡ። ናሽናል ቬሪፋየር በሚባለው የፌዴራሉ ማረጋገጫ በኩል ነው፤ ድረ ገጹ ላይፍላይንሰፖርት ዶት ኦርግ ነው፣ ስልኩ 800-234-9473 ነው። በካሊፎርኒያ፣ በቴክሳስና በኦሪገን አካሄዱ ትንሽ ይለያል፣ ግዛቱ የራሱ አለው። በገቢ ከሆነ ያለፈውን ዓመት ታክስ ሪተርን ወይም የተከታታይ ሦስት ወር ፔይ ስታብ ያዙ። በፕሮግራም ከሆነ ስማችሁ ያለበትን የፉድ ስታምፕ ወይም የሜዲኬይድ ደብዳቤ። መጀመሪያ ብቁ መሆናችሁን አስጸድቁ፣ ከዚያ በዚፕ ኮዳችሁ ያሉትን ኩባንያዎች አወዳድራችሁ ምረጡ። ሴፍሊንክ በቬራይዘን ሥር ነው፣ አሹራንስ በቲ-ሞባይል ሥር ነው፣ ሌሎች ትንንሾችም አሉ። ቤታችሁ ውስጥ የትኛው ኔትወርክ እንደሚይዝ አውቃችሁ ምረጡ፤ ነጻም ሆኖ ሳሎን ውስጥ የማይሠራ ስልክ አይጠቅምም።

ይህን ቅደም ተከተል የማጠብቀው በምክንያት ነው። ግሮሰሪ በር ላይ ድንኳን ዘርግተው፣ ታብሌት ይዘው «ነጻ ስልክ!» የሚሉ ልጆች አሉ። ሁሉም አታላይ አይደሉም፣ ብዙዎቹ ሕጋዊ ናቸው። ነገር ግን ጎረቤቴ ጋሼ አንድ ቀን ከእንደዚህ ዓይነት ድንኳን አዲስ ስልክ ይዘው መጡ፣ ደስ ብሏቸው። በነጋታው አሮጌው ስልካቸው ዝም አለ። ለካ ላይፍላይናቸው ወደ አዲሱ ኩባንያ ተዛውሯል። ልጁ ታብሌቱ ላይ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብሏቸው ፈርመዋል፣ የተጻፈውን ግን ማንም አላነበበላቸውም። አዲሱ ስልክ ደግሞ አዲስ ቁጥር ነው። ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሲደውሉላቸው አጥተዋቸው በጣም ተጨንቀው ነበር። ስለዚህ ወላጆቻችሁን አስጠንቅቁ፦ «አባዬ፣ እኔ ሳላይ ታብሌት ላይ እንዳትፈርም።»

ስልኩን ከያዛችሁ በኋላ ሁለት ነገር አትርሱ። መስመሩ ነጻ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንዴ መጠቀም አለባችሁ፤ መደወል፣ ቴክስት መላክ፣ ዳታ መጠቀም፣ ይህ ሁሉ ይቆጠራል። ካልተጠቀማችሁ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ከዚያ ይዘጋል። የእማዬ የሄደው በዚህ ነው። ሁለተኛው የዓመቱ እድሳት ነው። በየዓመቱ ብቁ መሆናችሁ ይመረመራል፤ ሲስተሙ በራሱ ማረጋገጥ ካልቻለ ደብዳቤ ይልካል፣ ለመመለስ 60 ቀን አላችሁ። ደብዳቤው የማስታወቂያ ወረቀት ይመስላልና ሳይከፈት ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። የወላጆቻችሁን ፖስታ የምታዩት እናንተ ከሆናችሁ ልብ በሉት።

በቅርቡ «ኤሲፒ» የሚባለውን፣ በወር 30 ዶላር የሚቀንሰውን የኢንተርኔት ድጎማ አሁንም አለ የሚል ካገኛችሁ አትመኑ። ገንዘቡ አልቆ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2024 ቆሟል። ላይፍላይን ሌላ ነው፣ እሱ አለ። የግሪን ካርድ ወይም ሌላ የኢሚግሬሽን ጉዳይ በሂደት ላይ ያላችሁ ደግሞ ማንኛውንም እርዳታ ከመውሰዳችሁ በፊት ጠበቃችሁን አንዴ ጠይቁ፤ ሕጉ ስለሚቀያየር ከጎረቤት ወሬ ይልቅ እሱ ይሻላል።

ያለ ማመልከቻ ነጻ የሆኑት

ቴክስትናው የሚባል አለ። አፕ ነው፣ የአሜሪካ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ በነጻ ትደውላላችሁ ቴክስት ትልካላችሁ፣ በምትኩ ማስታወቂያ ታያላችሁ። ሲም ካርዱን በትንሽ ገንዘብ ከገዛችሁ ያለ ዋይፋይም ይደውላል። ጎግል ቮይስም ነጻ ነው፤ ወደ አሜሪካና ካናዳ መደወል አይከፈልበትም፣ ግን ሲጀመር የሚያያዝበት ሌላ የአሜሪካ ቁጥር ይፈልጋል።

ጥሩ ናቸው። ለልጅ፣ ለተጨማሪ ቁጥር፣ ዕቃ ስትሸጡ ለማያውቁት ሰው ለመስጠት። እኔም ጎግል ቮይስ አለኝ። ዋና ቁጥር ለማድረግ ግን አልመክርም። ብዙ ባንኮች እንዲህ ያለውን የኢንተርኔት ቁጥር ለኮድ አይቀበሉም፤ ሲቀበሉም አንዳንዴ ኮዱ ሳይመጣ ይቀራል። ለተወሰነ ጊዜ ካልተጠቀማችሁበት ቁጥሩ ይወሰዳል።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ሰው ይወቅ፦ የተከፈለበት መስመር ባይኖረውም፣ ኔትወርክ የሚይዝ ማንኛውም የሞባይል ስልክ 911 ይደውላል። ሕጉ ያስገድዳል። አሮጌውን ስልክ ቻርጅ አድርጋችሁ አያት አልጋ አጠገብ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። መልሰው ሊደውሉላችሁ ስለማይችሉ ግን መጀመሪያ አድራሻውን ተናገሩ።

ከ3 እስከ 25 ዶላር

እዚህ አገር እውነተኛ ሰፊ ኔትወርክ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ቬራይዘን፣ ኤቲኤንድቲ እና ቲ-ሞባይል። የቀሩት ርካሾች አብዛኞቹ ከእነዚህ በጅምላ ገዝተው የሚቸረችሩ ናቸው። መርካቶ ከጅምላ ሻጩ ወስዶ ሰፈር ውስጥ በትንንሹ እንደሚሸጥ ሱቅ አስቡት። ማማው አንድ ነው፣ ሲግናሉም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሰው ሲበዛ ነው፤ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚያገለግለው የራሱን ደንበኛ ነው፣ የቸርቻሪው ደንበኛ ይዘገያል። ስታዲየም ውስጥ፣ የሐምሌ 4 ርችት ላይ፣ የሐበሻ ስፖርት ፌስቲቫል ላይ ይሰማችኋል። በተራ ቀን ብዙ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም።

ዋጋ ይቀያየራል፣ ከመክፈላችሁ በፊት እዩት። እኔ የማውቀው እንዲህ ነው። አልትራ ሞባይል በወር 3 ዶላር የሆነች ፔይጎ የምትባል ፕላን አላት፤ 100 ደቂቃ፣ 100 ቴክስት፣ 100 ሜጋ። ቁጥር ለማቆየት እንጂ ለመኖር አይደለችም። ቴሎ የፈለጋችሁትን ያህል ደቂቃና ዳታ እየመረጣችሁ የምትሠሩት ነው፤ ዳታ የሌለው ከ5 ዶላር ይጀምራል፣ 2 ጊጋ ከገደብ የለሽ ጥሪ ጋር 10 ዶላር አካባቢ ነው። የሚሠራው በቲ-ሞባይል ነው። ዩኤስ ሞባይልም በ10 ዶላር አካባቢ ተመሳሳይ አለው፣ የእሱ ጥሩነት ከሦስቱ ኔትወርኮች የፈለጋችሁትን መምረጥ መቻላችሁ ነው። ሚንት በወር 15 ዶላር ይላል፣ ግን አስቀድማችሁ የብዙ ወር ትከፍላላችሁ፤ ያ 15 ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ እንዲቀጥል ብዙውን ጊዜ የዓመቱን 180 ዶላር በአንዴ ማስቀመጥ ይጠይቃል። አገሩን ገና ለገባ ሰው ይህ ይከብዳል። ቪዚብል የቬራይዘን ነው፣ 25 ዶላር፣ ገደብ የለሽ፣ ታክሱም ውስጡ ነው። ሾፌሮች፣ እሱን እዩ።

ታክስ ስል፣ ማስታወቂያ ላይ ያለው 10 ዶላር ሲከፈል 11 ወይም 12 ሊሆን ይችላል። ሲም ካርድ የሚያስከፍሉም አሉ። «አውቶፔይ (በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ) ካደረጉ» የሚል ትንሽ ጽሑፍም ይኖራል። መጨረሻው ገጽ ላይ ካርድ ከመሙላታችሁ በፊት ጠቅላላውን ተመልከቱ።

የትኛው ኔትወርክ ቤታችሁ እንደሚይዝ ለማወቅ ካርታ ብቻ አትመኑ። ስልካችሁ ኢ-ሲም (ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) የሚቀበል ከሆነ ነጻ ሙከራ የሚሰጡ አሉ፣ 15 ቀን ወይም 30 ቀን። አሮጌ መስመራችሁ እንዳለ ሆኖ አዲሱን ጎን ለጎን ሞክሩት። ኩሽና ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ አውቶቡስ የምትጠብቁበት ቦታ። በእኔ ልምድ ቤዝመንት የሚኖር ሰው ከማንም በላይ ይህን ሙከራ ይፈልጋል፤ እዚያ ታች ዋይፋይ ኮሊንግ (በዋይፋይ በኩል መደወል) ካልተከፈተ ጥሪ አይገባም።

ስልኩ ራሱ ይሠራል ወይ?

ከኢትዮጵያ ወይም ከዱባይ ይዛችሁት የመጣችሁት ስልክ አሜሪካ ላይሠራ ይችላል። ቴክኖና ኢንፊኒክስ አገር ቤት ጎበዞች ናቸው፣ ግን ብዙዎቹ የዚህን አገር ሞገዶች ሁሉ አይዙም። 3ጂ በ2022 ስለተዘጋ ጥሪ የሚያልፈው በ4ጂ እና በ5ጂ ብቻ ነው፣ ስልኩ ያንን ካልደገፈ ዳታ ሠርቶ ጥሪ አይሠራም። ኤቲኤንድቲ ደግሞ የተፈቀዱ ስልኮች ዝርዝር አለው፤ እዚያ ውስጥ ከሌለ አያስገባም። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ደውሉ። 15 አሃዝ ይወጣል። ያንን ቁጥር የአዲሱ ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፣ ይሠራል ወይም አይሠራም ይላችኋል። ሲም ከመግዛታችሁ በፊት ነው ይህ። በብድር የተገዛ ስልክ ከሆነም ተከፍሎ አልቆ አንሎክ (የሌላ ኩባንያ ሲም እንዲቀበል የተከፈተ) መሆኑን አረጋግጡ።

ኢትዮጵያ መደወል

«ዓለም አቀፍ ጥሪ ነጻ» የሚል ፕላን አይታችሁ እንዳትቸኩሉ። የአገሮቹን ዝርዝር ክፈቱና ኢትዮጵያን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ የለችም፤ ህንድና ሜክሲኮ አሉ፣ እኛ የለንም። ለእኛ አገር ቀጥታ ጥሪ በደቂቃ ከብዙ አገር ውድ ነው።

ስለዚህ ዋናው መንገድ አፕ ነው። ቴሌግራም፣ ዋትሳፕ፣ ኢሞ። ግን አፕ የሚሠራው እዚያ ወገን ዳታ ሲኖር ነው። እናንተ እዚህ 2 ጊጋ ይበቃችኋል፣ ችግሩ ያለው አዲስ አበባ ወይም ደብረ ማርቆስ ያለችው እናት ጥቅሏ ሲያልቅ ነው። እኔ ከቢሌ ያተረፍኩትን ትንሽ ገንዘብ በየወሩ ለአክስቴ የዳታ ጥቅል አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሚስኮል ቀረ፣ ራሷ በቪዲዮ ትደውላለች። ለቀጥታ ጥሪ ደግሞ ጥቂት ዶላር የተሞላበት የጥሪ አፕ ይኑራችሁ፣ ለድንገተኛ። የጥሪ ካርድ የምትገዙ ከሆነ የማገናኛ ክፍያና ደቂቃ ወደ ላይ ማጠጋጋት መኖሩን ጠይቁ፤ 5 ዶላሩ የሚጠፋው እዚያ ነው።

አገር ቤት ስትሄዱስ?

ከወር በላይ የምትሄዱ ከሆነ ቁጥራችሁን ነጻ መስመር ላይ ትታችሁ አትሂዱ። ወደ 3 ወይም 5 ዶላሩ ፕላን አዛውሩትና ሂዱ። የአዲሱ ኩባንያ ዋይፋይ ኮሊንግ ከውጭ አገር ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቴሎ ለምሳሌ ከውጭ በዋይፋይ ወደ አሜሪካ የሚደረገውን ጥሪ እንደ አገር ውስጥ ነው የሚቆጥረው። ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ፈትኑት። ኤርፕሌን ሞድ አድርጉ፣ ዋይፋይ ክፈቱ፣ ከዚያ ባንካችሁ ኮድ እንዲልክ አድርጉ። ኮዱ ከመጣ ቦሌም ሆናችሁ የመምጣት ዕድሉ ጥሩ ነው። ካልመጣ ባንኩ ላይ ከቴክስት ሌላ የማረጋገጫ መንገድ ጨምራችሁ ሂዱ።

ይህ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። የተዘጋ ቁጥር እንደተዘጋ አይቀርም። ቢያንስ 45 ቀን ካረፈ በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያኔ የእናንተ የባንክ ኮድ የማታውቁት ሰው ስልክ ላይ ይደርሳል።

ቁጥር ማዛወር

አሮጌውን መስመር ቀድማችሁ እንዳትዘጉ! ሰው ቁጥሩን የሚያጣበት ዋናው ስህተት ይህ ነው። መስመሩ በሕይወት እያለ ነው ቁጥሩ የሚዛወረው፣ ከተዛወረ በኋላ አሮጌው በራሱ ይዘጋል።

ከአሮጌው ኩባንያ ሁለት ነገር ትጠይቃላችሁ፦ የአካውንት ቁጥርና የማዛወሪያ ፒን። በአፑ ማግኘት ይቻላል፤ ከደወላችሁ «ለምን ይሄዳሉ፣ ቅናሽ እንስጥዎት» የሚለውን ለመስማት ተዘጋጁ። የቁጥር ቁልፍ (ቁጥሩ ያለ ፈቃዳችሁ እንዳይዛወር የሚከለክለውን) ካበራችሁ አጥፉት፣ ሲያልቅ አዲሱ ጋ መልሳችሁ አብሩት። ዕዳ ቢኖርባችሁም ቁጥሩን አልለቅም ማለት አይችሉም፤ ዕዳው ግን ይከተላችኋል። ተራ ማዛወር በአንድ የሥራ ቀን ማለቅ አለበት። አርብ ማታ አትጀምሩ፣ ነገር ቢበላሽ የምታናግሩት ሰው ቅዳሜና እሑድ ማግኘት ከባድ ነው።

የጓደኛዬን ማክሰኞ ጠዋት አዛወርነው። ከ83 ዶላር ወደ 10። አዲሱ ኢ-ሲም 20 ደቂቃ ገደማ ወሰደ፣ በመሀል ለጥቂት ጊዜ መስመር አልነበራትም፣ ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ። ከዚያ እኔ ደወልኩላት፣ ገባ። ባንኳን ከፍታ ኮድ አስላከች፣ ገባ። ኢሜይሏ፣ ገባ። ክሊኒኩ፣ ገባ። እማዬ ደግሞ አሁን አዲሱን ቁጥሯን በ5 ዶላር ይዛለች፤ ነጻውን ላይፍላይን መልሰን አውጥተንላት ዳታውን በእሱ ትጠቀማለች፣ ካሌንደሬ ላይ በየ20 ቀኑ «የእማዬ ስልክ» የሚል ማስታወሻ ይመጣል፣ እደውልበታለሁ፣ ታነሳለች።